አንባብያን ይጠይቃሉ፦ ለበዓል የውሻ አንገት ጌጥ

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ከጅማ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ስለ በዓል ዝግጅት ብዙ ይጠይቃሉ። የዘንድሮዎቹ ደግሞ በአንድ ጉዳይ ላይ ገጥመዋል፦ ለውሻ አንገት በእጅ የሚሠራ ጌጥ። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ የሚነሡት ከአንድ ነገር ነው። ጌጥ የውሻ አንገት ላይ አይታሰርም፤ ውሻው የለመደው ቀበቶ ላይ ይያያዛል፤ ጠንከር ተደርጎ ሲሳብም ተላቅቆ መውደቅ አለበት። ውሻ አጥር ይሾልካል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፣ አንገቱን በኋላ እግሩ ያካል። ጌጡ የማይላቀቅ ከሆነ በያዘው ነገር ላይ አንቆ ያስቀረዋል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ቀጥፈው ለውሻችን በክር ያስሩለታል። ግማሽ ቀን ሳይሞላው ይጠወልጋል፤ ክሩንም እያኘከ ይበጥሰዋል። ከጨርቅ እንዴት ልሥራላቸው? — እናት፣ ከሂርማታ

መልስ፦ ክሩን ማኘኩ ከመጠውለጉ ይልቅ የሚያሳስብ ነውና ከጨርቅ ለመሥራት ማሰብዎ መልካም ነው። ጨርቁ ሲቆረጥ የማይተረተር ይሁን። ከአሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ከልጆች የብርድ ጃኬት የሚገኘው ለስላሳና ወፈር ያለ ጨርቅ ለዚህ ይመቻል፤ ጠርዙን መዘምዘም አያስፈልግም። ቀጭን ብትን ጨርቅ ከሆነ ግን ውሻው ሁለት ጊዜ ሲያክከው ክሩ መርገፍ ይጀምራል።

15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢጫ ቁራጭ ለ2 አበባ ይበቃል። ለአንዱ አበባ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ክብ መደብ፣ እንዲሁም ርዝመታቸው 3፣ ወርዳቸው 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 8 ቅጠሎች ይቁረጡ። እያንዳንዱን ቅጠል ከሥሩ ቆንጠጥ አድርገው በአንድ ስፌት ይያዙት፤ ይህች ቁንጥጫ ናት ቅጠሉን ጎድጎድ አድርጋ አበባ የምታስመስለው። መጀመሪያ 4ቱን በአራቱ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ የቀሩትን በየመካከላቸው ይስፉ። የቅጠሉ ሥር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል መደቡ ላይ ይረፍ፤ ከዚያ ካነሰ ቶሎ ይገነጠላል። ለመሐሉ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ብርቱካንማ ክብ ቆርጠው፣ ዙሪያውን በክር ሰብስበው፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልተው፣ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ እየዞሩ ይስፉት። ቁልፍም ዶቃም አይጠቀሙ። ውሻ በጥርሱ ፈልቅቆ መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማያያዣው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 8 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 2 ጥብጣቦች ያዘጋጁ። ይህ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወርድ ላለው ቀበቶ ነው፤ ዙሪያው ከነውፍረቱ ከ6 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የቀረው 2 ሳንቲ ሜትር ለመደራረቢያ ይሆናል። ሁለቱን ጥብጣቦች በመካከላቸው ከአበባው ጀርባ ጋር ይስፏቸው፤ ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል 2 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። በአንድ ጥብጣብ ብቻ የተያዘ አበባ ተገልብጦ ፊቱን ወደ ውሻው ጸጉር ያዞራል።

መዝጊያው ቬልክሮ ይሁን፤ አንዱ ክፍሉ ለስላሳ፣ ሌላው ሻካራ የሆነው፣ ሲጫኑት የሚጣበቀው ማለት ነው፤ ከልጆች አሮጌ ጫማ ላይ ማውጣት ይቻላል። በእያንዳንዱ ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። መደራረቢያው የሚያርፈው በቀበቶውና በውሻው አንገት መካከል ስለሆነ ለስላሳውን ክፍል ቀበቶውን በሚነካው ጫፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውሻው አድርገው ይስፉ። ሻካራውን ደግሞ በላዩ በሚመጣው ጫፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ ቀበቶው አድርገው። ቢገለብጡትና መዝጊያው ትንሽ ቢዛነፍ ሻካራው ጥርስ ጸጉር ይይዛል፤ ውሻውም ቀኑን ሙሉ ሲያክክ ይውላል።

በኮላ አይለጥፉት፤ የመስከረም ዝናብ ሲነካው ይላቀቃል። ፈጥኖ የሚደርቀው ጠንካራ ማጣበቂያ ደግሞ ጨርቁን እንደ እንጨት አድርቆ ጠርዙን ስለት ያደርገዋል።

አበባው የሚቀመጠው ከጆሮ ዝቅ ብሎ በጎን በኩል ነው። በቀበቶው ላይ ክብደት ያለው ዘለበቱና የብረት ቀለበቱ ስለሆነ ቀበቶው እየዞረ እነሱን ወደ ጉሮሮ ያወርዳል። አበባውን ከቀለበቱ አጠገብ ካደረጉት አብሮ ይወርድና ውሻው ምግብ ሲበላ ሳህኑ ውስጥ ይነከራል። ሲጨርሱ ቀበቶውን በእጅዎ ይዘው አበባውን በሁለት ጣት ጎተት ያድርጉት። ካልተላቀቀ ቬልክሮው በዝቷልና ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይቀንሱት።

ጥያቄ፦ እኛ ጅማ ነን፤ ከቡና ውጪ ምን ያምርብናል? ጥሬ ቡና በመርፌ በስቼ በክር ሰክቼ ለቡችላዬ የአንገት ጌጥ ልሠራለት አስቤአለሁ። ጉዳት ይኖረዋል? — ከጂሬን

መልስ፦ ሐሳብህ ያምራል፤ አሠራሩ ግን ይቅር። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ክሩና ካፌይኑ፣ ማለትም ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር።

አንድ ፍሬ ቡና ወደ 2 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ካፌይን አለው። በውሻ ላይ የመመረዝ ምልክት የሚጀምረው በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 20 ሚሊ ግራም አካባቢ ሲደርስ ነው፤ 40 እና 50 ሲሆን ልብን ይነካል፤ ከ60 ሲያልፍ ያንቀጠቅጣል፣ ይጥላል። አሁን አስላው። 40 ፍሬ የተሰካበት ክር 80 ሚሊ ግራም ይይዛል። 4 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ ይህ በኪሎ 20 መሆኑ ነው፤ አደጋው መነሻ ላይ ደርሷል ማለት ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን የግቢ ጠባቂ ያው ክር በኪሎ 4 ብቻ ስለሚሆን በካፌይኑ አይጎዳም። የተቆላውም፣ ከጀበና የሚደፋው አተላም ካፌይን አለው። ስለዚህ በበዓል ቀን ቡና ሲደጋገም አተላውን ውሻ በሚደርስበት ቦታ አትድፉ። ቡችላው ቡና በልቶ መቅበጥበጥ፣ ማስመለስ፣ ማለክለክ ወይም መንቀጥቀጥ ካሳየ ምልክቱ እስኪብስ ሳትጠብቅ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰደው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነውና ሐኪም ፍለጋ ሩቅ አትሄድም።

ክሩ ግን ለትልቁም ውሻ ያሰጋል። የተዋጠ ረጅም ክር አንዱ ጫፉ ሆድ ውስጥ ወይም ምላስ ሥር ይያዝና አንጀት ሌላውን ጫፍ ወደፊት መግፋቱን ይቀጥላል። አንጀቱ ክሩ ላይ እየተሰበሰበ ይጨማደዳል፤ ክሩም ግድግዳውን ሊቆርጠው ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚጠይቀው ይህ ነው። የዋጠው ክር ጫፍ በአፍ ወይም በፊንጢጣ በኩል ሲታይህ አትጎትት፤ ሐኪም ጋ ውሰደው። ለገና ዛፍ የሚሸጠው ብልጭልጭ ጌጥም በዚሁ ምክንያት ለውሻ አንገት አይሆንም።

የቡና መልክ ግን ከጨርቅ ይወጣል፤ ከእውነተኛው ይልቅ ደምቆ ይታያል። ቡናማ ወፍራም ጨርቅ 3 በ2 ሳንቲ ሜትር አድርገህ በእንቁላል ቅርጽ ሁለት ቁረጥ። ዙሪያቸውን ዘምዝመህ ሳትጨርስ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቅበትና ዝጋው። ከዚያ ድርብ ክር ይዘህ በርዝመቱ መሐል ለመሐል ከላይ እስከ ታች እያጠበቅህ በጥቃቅን ስፌት ሂድ። ክሩ ሲጠብቅ ጨርቁ ለሁለት ይከፈላል፤ የቡናው ስንጥቅ ይሄው ነው። ካላጠበቅኸው ግን ባቄላ ነው የሚመስለው። 3 ፍሬ ከ2 አረንጓዴ ቅጠል ጋር በአንድ መደብ ላይ ሰፍተህ ከላይ ለአደይ አበባው በነገርነው ማያያዣ ቀበቶው ላይ አድርገው። ቀይ ጨርቅ ክብ አድርገህ ብትጨምር የበሰለ እሸት ቡና ይሆንልሃል።

የቡና ጆንያ ቁራጭ መደብ ማድረግም ጥሩ ይመስላል፤ ግን ቃጫው ሻካራ ስለሆነ አንገት ይፍቃል። በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበህ፣ ጠርዙን 1 ሳንቲ ሜትር አጥፈህ፣ ከውስጥ በኩል ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ገብር። ማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት ተይዞበት የነበረ ጆንያ ግን ታጥቦም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ውሻችን የሚታሰረው በገመድ ነው፤ ቀበቶ የለውም። ገመዱ ላይ ጌጥ ብናደርግበትስ? — ከጊንጆ

መልስ፦ መጀመሪያ ቀበቶ ይሥሩለት፤ ገመድ አንገትን ይቆርጣል፤ በዝናብ ሲረጥብም ይጠብቃል። የማይፈለግ የትምህርት ቤት ቦርሳ ማንገቻ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወርድ አለውና ይበቃል። አንገቱን በክር ለክተው ክሩን ሜትር ላይ ያድርጉት። 40 ሳንቲ ሜትር ከመጣ 60 ሳንቲ ሜትር ማንገቻ ይቁረጡ፤ ትርፉ ለማጠፊያና ለማስፊያ ነው። የተቆረጠውን ጫፍ በክብሪት ጠበስ ያድርጉት፤ ናይለኑ ቀልጦ እንዳይተረተር ይይዘዋል። ዘለበቱንና የብረት ቀለበቱን ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደው ማንገቻው በሚታጠፍበት ቦታ አራት ማዕዘን፣ በውስጡም ሰያፍ መስቀለኛ ስፌት ያሰፉ። አንድ መስመር ስፌት ብቻ ከሆነ ውሻው ሲፈነጠር ይተረተራል። የቦርሳው የላስቲክ ዘለበት ለትንሽ ውሻ ይሆናል፤ ጉልበተኛ ውሻ በሰንሰለት የሚታሰር ከሆነ ግን የብረት ዘለበት ያስፈልጋል። ቀበቶው ሲታሰር ሁለት ጣት በጠፍጣፋው የሚያስገባ ይሁን። ለቡችላ ይህን በየሳምንቱ ያረጋግጡ፤ አንገቱ ቶሎ ያድጋል።

ውሻው በሰንሰለት ታስሮ በሚውልበት ሰዓት ጌጥ አይደረግለት። ሰንሰለቱ ጌጡ ላይ ይጠመጠማል።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ለገና የአንገት ልብስ ልሠራለት እፈልጋለሁ። እንደ ሻሽ ልሰርለት ወይስ ሌላ መላ አለ? — ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ አትሰሪው፤ ቀበቶው በውስጡ የሚያልፍበት እጀታ ሥሪለት። የታሰረ ሻሽ ውሻው የፊት እግሩን ሲያስገባበት ይጠብቃል።

አንገቱ 40 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ውሻ የሚታየው ሦስት ማዕዘን ከላይ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ቁልቁል 18 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ያምራል። ከዚያ ከረዘመ ሲሮጥ ይረግጠዋል። ጨርቁን ስትቆርጪ ከላይ 26 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ክፍል ተዪ፤ ከሱ በታች ደግሞ 19 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ሦስት ማዕዘን ይሁን። ጎንና ጎኑን 1 ሳንቲ ሜትር ቀምቅሚ። ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር አጥፈሽ፣ የቀረውን 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ መልሰሽ በሁለት መስመር ስፊው። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወርድ ያለው ቀበቶ በዚህ እጀታ ውስጥ ሳይጣበቅ ያልፋል። እጀታውን በትክክል 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብታደርጊው ቀበቶው ይጨማደዳል፤ ዘለበቱም ጭራሽ አያልፍም።

የሽመና ጨርቅ መቀስ ሲነካው ስለሚተረተር መቁረጫው መስመር ዳርና ዳር መጀመሪያ በማሽን ስፊና በመካከላቸው ቁረጪ። ነጠላው ስስ ስለሆነ ደርቢው። ጥለቱ የሚያብለጨልጭ ክር ካለው በጣም ያሻክራል፤ ከውስጥ ጥጥ ገብሪበት።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። የመስቀል ቅርጽ የተጠለፈበትን ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚለበሰውን ነጠላ ለዚህ አትቁረጪ፤ የማተብ ክር የሚመስል ጥቁር ክርም አንገቱ ላይ አታድርጊ። ጎረቤት ቢቀየም ትክክል ነው። የአበባና የቀለም ድርድር ያለባቸው ጥለቶች ሞልተዋል።

ጥያቄ፦ ቃጭልና በባትሪ የሚበራ ትንሽ መብራት ገዝቻለሁ። ማታ ባጃጅ እንዳይገጨው መብራቱ ይጠቅማል ብዬ ነው። — ከመርካቶ

መልስ፦ መብራቱን ተወው። በውስጡ ያለው ክብ የሰዓት ባትሪ ነው፤ ውሻ ከዋጠው ጉሮሮውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያቃጥላል። ለባጃጁ የተሻለው መንገድ አለ። የግንባታ ሠራተኞች የሚለብሱት ሰደርያ ላይ ያለው አንጸባራቂ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር ወርድ አለው። በርዝመቱ ለሁለት ቁረጠውና የቀበቶውን ዙሪያ በሙሉ በዳርና ዳሩ ስፋበት። አትጠፈው፤ በታጠፈበት መስመር ይሰነጠቅና ማንጸባረቁን ያጣል። ባትሪ አይፈልግም፣ የመንገድ መብራት ሲጠፋም በባጃጁ መብራት ከሩቅ ይታያል፤ በዓሉ ካለፈም በኋላ ቀበቶው ላይ ይቆይ።

ቃጭሉ አንድ ብቻ፣ ትንሽ፣ ለጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። የውሻ ጆሮ ሰው የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ጭምር ይሰማል፤ ያ ነገር ከጆሮው ሥር ቀኑን ሙሉ ሲንቃጨል ዕረፍት ያሳጣዋል። ስንጥቁ ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ አይሆንም፤ ሲያክክ ጥፍሩ ይያዝበታል። ብረቱ ዚንክ የተቀባ ከሆነም ሲዋጥ ይመርዛል።

ጥያቄ፦ ነጭ ውሻ ነው ያለኝ። ባለፈው እንቁጣጣሽ ቀይና አረንጓዴ ጥብጣብ አድርጌለት ዝናብ ሲመታው አንገቱ ሁሉ ሮዝ ሆነ፤ ቆዳውም ቀላ። ቀለሙ መርዝ ነው? — ከቦሳ ቂጦ

መልስ፦ ቆዳው የቀላው በእርጥበቱ ይመስላል። ረጥቦ አንገት ላይ የሚውል ጨርቅ ከጸጉሩ ሥር ሙቀትና እርጥበት ያፍናል፤ ቆዳው ይቆጣል፣ ያሳክካል፣ ውሻው ሲያክከው ይቆስላል። ስለዚህ በዝናብ ቀን ጌጡ ከ2 ወይም ከ3 ሰዓት በላይ አይቆይ። ረጥቦ ከገባ ወዲያው አውልቃችሁ አንገቱን በደረቅ ፎጣ አድርቁ፣ ጸጉሩንም ገልጣችሁ ቆዳውን እዩ። ማታ ጌጥ አይደረግም። ቅላቱ በማግሥቱ ካልቀነሰ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ከመስፋትህ በፊት ቁራጩን ለብ ባለ ውኃ ነክረህ በነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርገህ ተጫነው። ከለቀቀ ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግመህ እጠበው። በጨው ወይም በኮምጣጤ መዘፍዘፍ ቀለም ያጸናል የሚባለው ፋብሪካ ቀልሞ በሸጠው ጥጥ ላይ አይሠራም። ከ4 እና ከ5 እጥበት በኋላም ከለቀቀ ለነጭ ውሻ ሌላ ጨርቅ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጌጡን ሳደርግለት መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ወይም ድርቅ ብሎ ይቆማል። — ከመንደራ

መልስ፦ አልለመደውም። ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብለሽ ጌጡን አሽትቺው፤ በማግሥቱ ለ2 ደቂቃ አድርጊለትና ቁራሽ ዳቦ እየሰጠሽ አውልቂ፤ በየቀኑ ጥቂት ጨምሪ። በሳምንቱ አሁንም ጆሮውን እያራገፈ የሚያክክ ከሆነ አታስገድጂው፤ ቀበቶውን አጥበሽ አንጸባራቂውን ብቻ ስፊለት።

ጥያቄ፦ መስከረም 16 ማታ ከነጌጡ ይዤው ደመራ ልሂድ? — ከሂርማታ

መልስ፦ አይሆንም። ለጌጡ የመረጥነው ለስላሳ የብርድ ልብስ ጨርቅ አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሕዝቡና ርችቱም ያስበረግገዋል፤ በርግጎ የሚሮጥ ውሻ ደግሞ ሰው ሊነክስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ጌጡን አውልቀህ፣ ቀበቶውን አንገቱ ላይ ትተህ፣ ውኃ አስቀምጠህለት ቤት ውስጥ ዝጋበት።